የሁለት ኮምፒውተር ሽምግልና

ብዙ የማይናገር ሰው አስተዋይ ይመስላል። እኔን ለሽምግልና ያስመረጠኝ ይህ ብቻ ነው። ዝም የምለው ግን ብዙውን ጊዜ የሚባለው ነገር ስላልገባኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ፣ ከዚህ የባሰው ጉዴ በዘጠና ስድስት ስልክ ተሰምቶ የሚደበቅ ነገር ስላልቀረኝ ነው።

ኮሎምበስ ያለው እድራችን የመደወያ ኮምፒውተር አለው። አብዛኞቻችን በስልክ የሚላክ ጽሑፍ አናነብም። አንዱ መነጽሩ ይጠፋበታል፣ ሌላው ስልኩ ይጠፋበታል፣ ጓደኛዬ ዘነበች ሁለቱም ይጠፉባታል። ስለዚህ ስብሰባ ወይም ቀብር ሲኖር ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ አባል ይደውልና በድምፅ ይነግራል። ድምፁ የእኔ ነው። ሲመርጡኝ «የእትዬ ድምፅ ረጋ ያለ ነው፤ የሰው ሞት ሲናገሩ እንኳ አያስደነግጡም» ብለው ነው። እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

አሠራሩን እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ በኋላ ለውርደቴ ያስፈልጋል። «ጥሪ» የሚባል ሥራ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ሲያስነሡት «ቲት» ይልና ማይክራፎኑ የሚሰማውን ሁሉ ሁለት ደቂቃ ይቀዳል። ቀድቶ ሲያበቃ ለአባላቱ በሙሉ ይደውላል። ደውሎ ሲጨርስ ተመልሶ ይተኛል። መጀመሪያ ልስማው፣ ላስተካክለው የሚባል ነገር የለም። የሠሩት ጋሼ ጌታሁን «ሰው ከተናገረ ተናገረ ነው» የሚሉ ሰው ናቸው።

ጋሼ ጌታሁን ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አገር ቤት የስልክ ቴክኒሻን ነበሩ፤ እዚህም በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ አንዲት ልጃቸው ቴክሳስ ናት። የልብ ጓደኛቸው መስፍን ከእሳቸው በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። ሱዳን በስደተኛ ካምፕ ሁለቱ አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ኮምፒውተር መንካት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ሪከንባከር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የዕቃ መመዝገቢያ ማሽኖችን የሚጠግን ሰው ሆኗል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ ሐኪም ቤት ሲሄድ ሌላው ነው የሚነዳው። ለመስፍን ኩላሊት ጠጠር፣ ለጋሼ ጌታሁን ጉልበት፣ ለሁለቱም ጥርስ፣ ሁሉንም አብረው ነው የተወጡት።

ያጣላቸው አንድ ቀብር ነው። ክረምት ላይ፣ በረዶ በበዛበት ሳምንት፣ አንድ አባላችን ዐረፉ። እኔም በተረጋጋው ድምፄ ተናገርኩ። «ጥሪ» ግን ለአሥራ አንድ ሰው ከደወለ በኋላ መሃል ላይ ሞተ። ሞቶም ቀረ፤ ማንም አላወቀም። ቀብሩ ላይ የተገኘነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን። የሟች ባለቤት በረዶው ላይ ቆመው መንገዱን መንገዱን ሲያዩ የነበረውን አልረሳውም።

መስፍንም አልረሳውም። ማንንም ሳይጠይቅ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ «ጥሪ»ን ወደዚያ አዛወረው። በማግስቱ ቅዳሜ ጋሼ ጌታሁን ወደ እድሩ ክፍል ሲገቡ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለውን ኮምፒውተራቸውን ጠረጴዛ ሥር አገኙት። ላዩ ላይ የፕላስቲክ ኩባያ ካርቶን ተቀምጦበታል። ካርቶኑን አነሡ፣ ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ወጡ። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሰላምታ የለም።

ኩርፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስኪሰለቻቸው እንጠብቅ ነበር። ነገር ግን ጋሼ ጌታሁን የዓይን ሞራ ነበረባቸው፤ ኦፕሬሽኑ ለሐሙስ ተቀጥሯል። ሐኪም ቤቱ ነድቶ የሚያመጣ፣ ተቀምጦ የሚጠብቅና ፈርሞ የሚወስድ ሰው ከሌለ አይነካቸውም፤ ታክሲም አይሆንም ብሏል። ከዚያ በፊት አንዴ «ጉንፋን ይዞኛል» ብለው ካንስል አድርገውታል። ጉንፋን አልያዛቸውም። የሚነዳ ሰው አልነበራቸውም። እኔ መኪና አልነዳም። ሌላ ሰው እንፈልግልዎት ስንላቸው «ለትንሽ የዓይን ቀጠሮ ሰው አላስቸግርም» ይሉናል። መስፍንን ማስቸገር ግን ድሮ ማስቸገር አይመስላቸውም ነበር።

ለመስፍን ደወልኩለት።

«እትዬ፣ ጋሼ ኮል ካደረገኝ በአምስት ደቂቃ እዚያ ነኝ። ግን እሱ ይደውል።»

ለጋሼ ጌታሁን ደወልኩላቸው።

«ቁጥሬን ያውቀዋል። ይደውል።»

ለዘጠና ስድስት ሰው የሚደውል ማሽን የሠሩ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ መደወል አቃታቸው።

እድሩ ሽማግሌ ይግባበት አለ። ወንዶቹ ሽማግሌዎች ጉዳዩ የኮምፒውተር መሆኑን ሲሰሙ አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ ሥራ በዛበት። በመጨረሻ እኔና ዘነበች ቀረን። እኔ ዝም ስለምል፣ ዘነበች ደግሞ ዝም ስለማትል። ሽምግልናው ሥርዓት አለውና፣ ክርክር ያለበት ንብረት እስኪወሰን ድረስ ገለልተኛ ቦታ ይቀመጥ ተባለ። ገለልተኛ ቦታ የተባለው ፎረስት ፓርክ ያለው የእኔ ቤት ምድር ቤት ነው። ጋሼ ጌታሁን የእሳቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቅዳሜ አመጡ፤ መስፍን የሱን በልብስ ቅርጫት አድርጎ፣ እንዳይገናኙ እሑድ ጠዋት አመጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማይክራፎኑን መሃል ላይ አደረግኩ። ለሁለቱም ገመዱን ሰካሁላቸው። ላለማዳላት ብዬ ነው።

ደብተር ገዛሁና ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በስተቀኝ ጋሼ ጌታሁን፣ በስተግራ መስፍን። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ በማስመሪያ አስምሬ አላውቅም።

ጋሼ ጌታሁን እንዲህ ብለው ጀመሩ። «ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሣ አንድ አለ። ቁጥሩም አንድ ነው። ሌሎቹን ሁሉ የሚቀሰቅስ እሱ ነው፣ መጨረሻም የሚተኛ እሱ ነው። የእኔና የመስፍን ክርክር ይህ አንድ ቁጥር ማን ይሁን የሚል ነው።»

«ወንበር ነዋ!» አለች ዘነበች።

«ወንበር አይደለም።»

«ጋሼ፣ አንድ ቁጥር ማን ይሁን ከተባለ ወንበር ነው። ስንት አገር ለቀን የመጣነው በምን ሆነና?»

ጋሼ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዝም አልኩ። አስተዋይ መሰልኩ።

እንደገባኝ ልጻፈው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ግን ብዙ ቤት አለው፣ እያንዳንዱ ቤትም የራሱ ሥርዓት አለው። የጋሼ ጌታሁን ቤት ስላክዌር ይባላል። እዚያ አንድ ቁጥሩ በወረቀት የተጻፈለትን ይዞ ይነሣና ሠራተኞቹን በተራ ይቀሰቅሳል፤ አንዱ ተነሥቶ ሳያበቃ ሁለተኛውን አይነካም። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ያነበዋል። አንድ ሥራ ነገ እንዲነሣ ከተፈለገ ወረቀቱ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ እንዳይነሣ ከተፈለገ ፈቃዱ ይወሰድበታል። ከተነሡ በኋላ ግን በቀን ማን እንደወደቀ የሚጠይቅ የለም። የሞተ ሞተ ነው።

የመስፍን ቤት ፌዶራ ይባላል፤ አንድ ቁጥሩም ሲስተምዲ ነው። እሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ ብቻ ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ይቆጣጠራል፤ ማን ተነሣ፣ ማን ወደቀ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ይመዘግባል። ጋሼ ጌታሁንን የሚያበሳጫቸው መዝገቡ ነው። «የጻፈውን ራሱ ካላነበበልህ አታነበውም!» ይላሉ። መስፍን ደግሞ «አዎ፣ ግን ይጽፋል! የጋሼ ቤት ሰው ሲሞት እንኳ የሚጽፍ የለም!» ይላል።

ይህን ስሰማ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ስሠራ የነበሩኝ ሁለት አለቆች ትዝ አሉኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ስማችንን በተራ ይጠራና ይሄዳል፤ ከማድረቂያው ጀርባ ራሴን ስቼ ብወድቅ እስከ ማታ የሚጠይቀኝ የለም። ሁለተኛዋ ደግሞ ቁጭ ካልኩ መጣች ነው። «ሃኒ፣ አር ዩ ኦኬ?» ትልና ብብቴን ይዛ ታነሣኛለች። ለማረፍ ፈልጌ የተቀመጥኩ ጊዜ እንኳ ታነሣኝ ነበር። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ዛሬም መልስ የለኝም። ዘነበች በበኩሏ አማቿ ሦስተኛ ዓይነት ሊኑክስ እንዳለውና አስነሺውም ከሁለቱ እንደሚለይ ነገረችኝ። «ሦስተኛ ወገን አታምጪብኝ» አልኳት።

ከሁሉ በላይ ያሰመርኩበት ግን ይህ ነው። ጋሼ ጌታሁን «አንድ ሥራ እምቢ ካለሽ ቁጥሩን ታዪና ኪል ብለሽ ዘጠኝ ትጨምሪበታለሽ። በእኔ ቤት የሞተ አይመለስም» ብለው በእጄ አለማመዱኝ። መስፍን ደግሞ «በእኔ ቤት ጥሪ ቢሞት በአሥር ሰከንድ ተመልሶ ይነሣል። ያ ቀብር ዳግመኛ አይሆንም» አለኝ። በዚህኛው ቤት ማቆም ብፈልግስ ብዬ መስፍንን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አንድ ጊዜ መግደል ከተማርኩ በየትም ቤት የሚሠራ መሰለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጌታሁን ብቻቸውን መጡ። የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸው ሲሮጡ ሳይ ተገረምኩ፤ ስክሪኑን አያዩም። ከዚያ «እስቲ የዚያን ልጅ ክፈቺልኝ» አሉ። ከፈትኩላቸው። ቀረብ አሉ። ይበልጥ ቀረብ አሉ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ነካ።

«መነጽር ላምጣልዎት?»

«መነጽር አይረዳም። ፊደሉ ሁሉ ጉም ነው።»

«ታዲያ የእርስዎን እንዴት ያነቡታል?»

«አላነበውም። በቃሌ ነው፣ የቤቴን ደረጃ እንደምወጣው። የመስፍን አዲስ ነው፤ ማንበብ ይፈልጋል። ማንበብ ደግሞ አልችልም። ዓመት አለፈኝ።»

«መኪናውንስ?»

«እሱንም በቃሌ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ በእሳቸው ሠፈር የእግረኛ መንገድ ላይ አልቆምም።

«ለመስፍን እንዳትነግሪው» አሉኝ። «የተጣላኝን ሰው እችላለሁ። ያዘነልኝን አልችልም።»

«በእመቤቴ፣ ከአፌ አይወጣም» አልኩ።

ከአፌ እስኪወጣ ሁለት ቀን ፈጀ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዘነበች መጣች። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሁለቱን ቃል በዓይናችን እናረጋግጥ ተባባልን። ፈተናው ቀላል ነው፤ በሁለቱም ቤት «ጥሪ»ን እናስነሣለን፣ ሁለት ደቂቃው ሳይሞላ እንገድለዋለን፣ ማን እንደሚነሣ እናያለን። የጋሼ ጌታሁንን አስነሣሁ፣ ገደልኩ። ሞቶ ቀረ። ቃላቸው እውነት ነው። የመስፍንን አስነሣሁ፤ ቲት አለ። ኪል፣ ዘጠኝ። ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ጠበቅን። ስድስት ሰከንድ፣ ሰባት ሰከንድ።

«ሞቷል» አለች ዘነበች።

«መስፍን ዋሽቷል» አልኩ፤ ደብተሬንም አንሥቼ ከኮምፒውተሩ ዞርኩ።

ቲት የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነገር ግን ምድር ቤት ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ቀኑን ሙሉ ቲት ይላል። ተወጥቶ የሚደረስበት አይደለምና ለምጄዋለሁ። ያን ቲትም የሱ አድርጌ ቆጠርኩት።

«እንግዲያው ፍርዱ አለቀ» አለች ዘነበች። «ጋሼ ጌታሁን ልክ ናቸው፣ መስፍን እግራቸው ላይ ይውደቅ።»

ይህ ፍርድ ልክ አልመሰለኝም። ለፍትሕ ብዬ ነው የተናገርኩት። ቢያንስ ያን ጊዜ እንደዚያ መስሎኛል።

«አይደለም፣ ዘነበች። ጋሼ የድሮውን የያዙት ስለሚሻል አይደለም። ዓይናቸው አያይም። አንድ ፊደል አያዩም። ስክሪኑን በአፍንጫቸው ነው የሚዳብሱት። መኪና የሚነዱት መንገዱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው፤ ሐሙስ የሚነዳቸው ሰው ካላገኙ ጭራሽ መታወራቸው ነው። መስፍን እንዳይሰማ ብለው አስምለውኛል።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ዘነበች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ እኮ ባለፈው በዓል ቡናውን አልፈው ኮካውን ሲያነሡ፣ ኩራት መስሎኝ ነበር» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። መሳቃችንን አልደብቅም፤ ተቀድቷል።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የቤቴ ስልክ ጠራ። አነሣሁት። ዘነበች ፍርድ ከሰጠች በኋላ አንዲት አሮጊት በረጋ ድምፅ «አይደለም፣ ዘነበች። ጋሼ የድሮውን የያዙት…» ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ የሰው ሞት ስትናገር እንኳ የማያስደነግጥ ዓይነት ነው። እኔን ግን አስደነገጠችኝ። እኔም የእድሩ አባል ነኛ። ወዲያው የዘነበች ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ።

ያን ጊዜ ማሽኑ ገና አርባ ለሚያህሉ ሰዎች ብቻ ነበር የደወለው። እኔም ሮጥኩና፣ በሰባ ዓመቴ ማለት ነው፣ ኪል፣ ዘጠኝ አልኩት። ቆመ። እመቤቴን አመሰገንኩ። በአሥረኛው ሰከንድ ቲት አለ። አልሰማሁትም፤ ዘነበች እየጮኸች ነበር።

«ጋሼ ጌታሁን ታውረዋል ብለሽ ለአገር ሁሉ አወራሽ!»

«ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት!»

«እኔ አገር አይደለሁም እንዴ?»

«በእመቤቴ ምዬላቸው ነበር! ከአፌ አይወጣም ብዬ ምዬ! አሁን ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?»

ይህ ሁለተኛው መልእክት ነው። የመጀመሪያው ያልደረሳቸው ሰዎች ከዚህኛው ሁሉንም ነገር፣ መማሌንም ጨምሮ፣ በቅጡ ተረዱ። ስልኬ እንደገና ሲጠራና የራሴን መሐላ ሲያሰማኝ እንደገና ገደልኩት። ገመዱን ነቀልነው። ላፕቶፕ ባትሪ እንዳለው የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አልነበረም። ቲት አለ። በዚህኛው ጊዜ ሰማነው። ዘነበች ነጠላዋን ማይክራፎኑ ላይ ጣለችበት፤ ሁለታችንም እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንደ ሐውልት ቆምን። ማሽኑም ይህን ዝምታ ለዘጠና ስድስት ሰው መደወል ጀመረ። በመሃሉ አንዴ የጭስ ማስጠንቀቂያው ቲት ይላል፤ ወደ መጨረሻው ዘነበች ታስነጥሳለች። እድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ሰው እስከ መጨረሻው ያዳመጠው መልእክት ይህ ብቻ ነው ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ በኋላ ደውለው «እትዬ፣ ሦስተኛው አልገባኝም፤ እስቲ ይድገሙልኝ» ብለዋል።

ዝም ብንለው ደውሎ ጨርሶ ይተኛ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አራተኛ ጊዜ ገደልኩትና ወደ ላይ ወጥቼ ለመስፍን ደወልኩ። አያነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሣም። ከመስፍን ሌላ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው። ስልኩን ይዤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ደወልኩ።

«አቤት» አሉ ጋሼ ጌታሁን።

«ጋሼ…»

«ሰምቻለሁ። ማሽኑ አልቆም አለሽ?»

«አዎ።»

«ዘጠኝ ብለሽ መታሽው?»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

«ያ በእኔ ቤት ነው። በመስፍን ቤት የተገደለውን ሁሉ አንድ ቁጥሩ አደጋ ደረሰበት ብሎ ያነሣዋል። ገደልሽው እንጂ አላሰናበትሽውም። አንቺ ራስሽ እጅሽን አታንሺበት፤ አንድ ቁጥሩን አሰናብትልኝ በዪው። ደብተር አለሽ? ጻፊ።»

ፊደል በፊደል ነገሩኝ፤ ሲስተምሲቲኤል፣ ባዶ ቦታ፣ ስቶፕ፣ ባዶ ቦታ፣ ጥሪ። ምንም አልተሳሳቱም። የመስፍንን ቤት አላውቅም ሲሉ የነበሩት ሰው በቃላቸው ያውቁታል። ልጃቸው ከቴክሳስ በስልክ እያነበበችላቸው አምስት ወር ሲያጠኑት ነበር፤ ይህን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ለዘነበች እየጮኽኩ አጻፍኳት። አሥር ሰከንድ ሞላ። ሃያ ሰከንድ ሞላ። የተሰናበተው አልተመለሰም።

«ቆመ?» አሉ።

«ቆመ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በስልኩ ውስጥ በር ሲደበደብ ሰማሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት መሰለኝ፣ አልዘጉትም። እኔም መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። በዚያ ቀን አንድ ነውር ቢጨመር ልዩነቱ አልታየኝም።

«መኪናህን ሣሩ ላይ ነው ያቆምከው» አሉ ጋሼ ጌታሁን።

«እንዴት አወቅህ? አታይም አሉኝ እኮ» አለ የመስፍን ድምፅ። ያለከልክ ነበር።

«ሰማሁታ።»

«ለምን አልነገርከኝም፣ ጋሼ?»

«ሰው ሁሉ ነገረህ አይደል? ሦስት ጊዜ።»

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል። ጠዋት።»

«አሥራ ሁለት ላይ እመጣለሁ። ቁልፉን ስጠኝ።»

«የምኑን ቁልፍ?»

«የመኪናውን። እስከ ሐሙስ በቃልህ አትነዳም።»

ቁልፉ ሲንሿሿ ሰማሁና ስልኩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ምድር ቤት ወርጄ ለዘነበች ታርቀዋል ስላት «ተመስገን፣ ሽምግልናችን ሠመረ!» አለች። ዘነበች እንደዚህ ናት። እኔ ደብተሩን ቀድጄ ጣልኩ።

ሐሙስ መስፍን ወሰዳቸው፣ ጠበቃቸው፣ ፈርሞ አመጣቸው። አንዱ ዓይን ተሠራ፤ ሁለተኛው ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። ዘነበች «ይቅርታ የሚጠይቅልሽ ሽማግሌ እንላክ» አለችኝ። የትኛው ሽማግሌ ይላካል? ሁሉም ሰምተውታል። ቅዳሜ ሾርባ ሠርቼ ራሴ ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ መስፍን ነው። ጋሼ ጌታሁን ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የዓይን ጠብታዎች ተደርድረዋል፣ ክርክር ላይ ናቸው።

«ሦስቱንም በአንዴ ጣል ጣል አድርገን እንገላገል» ይላል መስፍን።

«በተራ! አንዱ ሳይቀመጥ ሌላው አይገባም። ወረቀቱ በመሃል አምስት ደቂቃ ይላል። አንብበው።»

«አንተ አንብበው። አሁን ታያለህ አይደል?»

ወረቀቱን ወሰዱና ክንዳቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው አነበቡ። እውነትም አምስት ደቂቃ ይላል። መስፍን አንዱን ጠብታ አደረገላቸውና ሰዓቱን ያዘ።

እኔ ሾርባውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ምን አጠፋሽ?»

«የነገሩኝን ለሰው ተናገርኩ።»

«መስፍን ማሽኑ ነው ይላል። እኔ እንደዚያ ባላዘጋጀው ኖሮ ይላል።»

ይህን ሰበብ መያዝ እችል ነበር። መስፍንም ከጀርባቸው ራሱን እየነቀነቀ ያዢው ይለኛል።

«ማሽኑ የተናገረው እኔ ለዘነበች ከተናገርኩ በኋላ ነው» አልኩ።

አቀርቅሬ ምንጣፉን አየሁ። ምንጣፉ ላይ የተቃጠለ ቦታ አለ፣ የሳንቲም ያህል።

«ቀና በዪ» አሉ።

«ጋሼ…»

«ቀና በዪ። ዓመት ሙሉ የሰው ፊት አላየሁም። የመስፍንን አይቼ ጠግቤዋለሁ።»

ቀና አልኩ። ከሶፋው ተነሥተው ተቀመጡ፤ በዚያ በተሠራው ዓይናቸው ፊቴን ያዩኝ ጀመር። አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ዝም ብለው ከግንባሬ እስከ አገጬ፣ አንድ ነገር እንደሚያነብ ሰው በተራ አዩኝ። ሾርባው እጄን ያቃጥለኛል። ማስቀመጫ ልፈልግ ብል ዓይኔን ከሳቸው ማንሣት ይሆንብኛል። ስለዚህ ይዤው ቆምኩ፤ መስፍን ከሰዓቱ ቀና ብሎ «አምስት ደቂቃው ሞልቷል፣ ጋሼ» እስኪላቸው ድረስ።